ከራዲዮናችን ሆድ የወጡት ግጥሞችህ

ጌትዬ፣

ብዕር አንስቼ ጤናህን ልጠይቅ ስል ራሴን ታዘብኩት። በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የቦሌ ሚካኤል አቧራ ያው ነው። የጓሮው አጥር ወድቆ ወንድሜ አቁሞታል። እኔም አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ወደ መተኮሻው ተዛውሬ ወገቤ ተመስገን ብሏል። ትልቁ ወሬ ግን ራዲዮናችን መዳኑ ነው።

ያ ራዲዮ ለዓመታት አፉ ላይ ትራስ እንደተጫነበት ሰው ነበር የሚያወራው። እናሠራው ስልህ ጥፋቱ የጣቢያው ነው ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ዜና አንባቢው ጉንፋን ይዞት ነው ብለኸኝ አምኜሃለሁ። ባለፈው ወር ጨርሶ ዝም ሲል ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ፣ ወደ ጋሽ በየነ ወሰድኩት። ጀርባውን ሲፈታው ከድምፅ ማጉያው ኋላ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ተወትፎ አገኘ። ጽሕፈትህን ገና ከሩቅ አወቅኩት። ፍተሻ የበዛ ጊዜ ወረቀቴን ሁሉ አቃጠልኩ ብለኸኝ አልነበር?

እውነቱን ልንገርህ፤ ያሳተምካትን መጽሐፍ፣ ያቺን ስለ ተራራና ስለ ወንዝ የሆነችውን፣ ስታነብልኝ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ከደብረ ዘይት አልፈህ ሳታውቅ ስለ ተራራ ያን ያህል ማውራትህም ይገርመኝ ነበር። የደብተሩ ግን ሌላ ነው። ሳንጋባ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ስለ ከተማው የጻፍካቸው ናቸው። የሱሪውን አንድ እግር በአንድ ሰው፣ ሌላውን እግር በሌላ ሰው ልክ የሰፋ ልብስ ሰፊ አለ። እሁድ እሁድ አውሮፕላን ሲነሳ ለማየት ከነሙሉ ልብሱ አጥር ላይ የሚንጠለጠል ሰው አለ። ቦሌ መንገድ መሃል ተኝቶ የባለሥልጣን መኪና ያስቆመ በሬም አለ። ጋሽ በየነ ሱቅ በር ላይ ቆሜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

ሳቄን የሰማ ሰው ነበር መሰለኝ፣ በማግስቱ ከራዲዮ ውስጥ ያወጣሽውን ጽሑፍ ይዘሽ ቀበሌ ቅረቢ ተባልኩ። ላቃጥለው ክብሪት አንስቼ ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም። መመለስሽን ማን ያውቃል ብላ እህትህ ብርድ ልብስና ዳቦ አሲዛ፣ በር ላይ ሦስት ጊዜ ስማ ሸኘችኝ።

ሊቀመንበሩ በዚያ ፀሐይ ብርድ ልብሱ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ላቤ በግንባሬ እየወረደ ይበርደኛል አልኩት። ከጎኑ የተቀመጠው ባለመነጽር ካድሬ የበሬው ግጥም ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ይህ በሬ ማን ነው?» አለኝ።

«በሬ ነው፣ ጓድ» አልኩት።

የትኛውን መደብ እንደሚወክል ጠየቀኝ። እኔ የማውቀው ቀንድ እንዳለው ብቻ ነው። በመጨረሻ ጮክ ብለሽ አንብቢ ተባልኩ፤ ገጹን የመረጡት እነሱ ናቸው። ስለ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ የጻፍከው ነበር፦

ቦሌ ላይ ሲጠራ፣ ኮተቤ ተሰማ፤
አዋጅ መስሎት ወጣ፣ ሕዝቡ በከተማ።

እዚህ ላይ ማንን እንደጻፍክ ገባኝ። ሊቀመንበሩ ከለውጡ በፊት በዚሁ በቦሌ መስመር ቲኬት ቆራጭ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ፊቱ ላይ የሚያነሳው ግን የለም። ዓይኔን አመመኝ ብዬ ላቆም ስል ካድሬው ቀጥዪ አለኝ።

ሞልቷል ብሎ ጮኾ፣ ሰው ሁሉ ሲመለስ፣
ባዶ ወንበር ይዞ፣ ነጎደ አውቶቡስ።

ካድሬው እስክሪብቶውን አነሳ። እኔ ብርድ ልብሴን ጨብጬ፣ ዳቦው ስንት ቀን እንደሚያቆየኝ አሰብኩ። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለብቻው ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ወንበር መኖሩን እኔም አላየሁም ነበር» አለ።

ሳቀ፣ ጌትዬ! እንዳልከው ኮተቤ ሳይሰማ አልቀረም። ካድሬው የሊቀመንበሩን ፊት በደንብ ካየ በኋላ እሱም ሳቀ። ሊቀመንበሩ ደብተሩ ላይ «ተመርምሯል፤ ስለ አውቶቡስ ነው» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። ስለ እሱ የተጻፈውን ግጥም ግን ማስመሪያ አስደግፎ ቀደደና ኪሱ ከተተ።

ቤት ስገባ በሰላም መመለሴን ረስቼ ለአንዲቷ ገጽ አለቀስኩ። ግጥሙ ረጅም ነበር፤ በቃሌ የቀረው ያው አራቱ መስመር ነው። ሦስት ቀን ተሟገትኩና በአራተኛው ያለ ብርድ ልብስ ተመልሼ ሄድኩ፤ ግጥሙን ልገልብጠው ብዬ ለመንኩት። ወረቀቱን ማውጣት እንኳ አላስፈለገውም። ተነስቶ ኮቱን ቆለፈና በዚያ በድሮው ድምፁ፣ ፌርማታዎቹን ጭምር እየጠራ፣ አንድ ቃል ሳያጎድል በቃሉ አነበነበው። እኔ ጻፍኩ። ውጭ ለስኳር የተሰለፉት ሰዎች ስብሰባ የተጠራ መስሏቸው ሁሉም ግር ብለው ገቡ።

አሁን ግጥሞችህን በቃሌ እየያዝኩ ነው፤ አሥራ አንድ ደርሻለሁ። እያነበነብኩ ስተኩስ የአንድ አብራሪ ኮሌታ አቃጥዬ ተገሥጫለሁ። የተራራዎቹን አልዋሽህም፣ አልሞከርኳቸውም።

ትናንት ደግሞ ከሥራ ስመለስ ምን አየሁ መሰለህ፤ አንድ ሰው የእንጨት በር አቁሞ በሁለት እጁ አቅፎ መንገዱን ይሻገራል። ከወዲህ የመጣ ወዳጁ ፊቱን ሊያይ ስላልቻለ በሩን አንኳኳ። ሰውየውም ከኋላ «ማነው?» አለ። አንተ ብታየው ግጥም ይሆን ነበር። እኔ ግጥም አልችልም፤ ግን እንዳይጠፋ ብዬ ከደብተርህ መጨረሻ በቀረው ባዶ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ገና ስድስት ገጽ አለ። ዓይኔን ከፍቼ እሄዳለሁ፣ ያየሁትን ሁሉ እይዝልሃለሁ።

ያንተዋ
አለምነሽ