የጉድጓዳችን ጨው

ውድ ባራኒኮ፣

ጉድጓዳችን ጨው ሆኗል። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ለሞተ ሰው ማን ወሬ ያደርሳል እንዳትለኝ፤ ሽማግሌው ታኦማቲ መቃብርህ አጠገብ እየተቀመጠ ሲያጫውትህ እሰማዋለሁ። እሱ ደግሞ ቅመም ሳይጨምር ወሬ አያደርስም።

ነገሩ የጀመረው በሩቲያና ልጅ ነው። ሕፃኑ ተቅማጥ አልለቀው ሲል እናቱ "ውሃው ነው" አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁባት። "እኛስ ይሄንኑ ጠጥተን አይደል ያረጀነው?" አሏት። ጨው ቀስ እያለ ሲገባ ምላስ አብሮ እንደሚለምድ ለእነሱ ማን ይንገራቸው? ክርክሩ አላልቅ ሲል በመንደሩ መሰብሰቢያ፣ በማኔአባው ውስጥ ተሰብስበው ወሰኑ። የባራኒኮ ሚስት የትምህርት ቤቱን ዕቃ አምጥታ ሁላችን ፊት ትለካ፤ ጨው ከተገኘ የደቡብ ጫፍ ቤቶች ተነቅለው ወደ ሰሜኗ ደሴት ይሻገራሉ፤ ካልተገኘ ማንም አይነቃነቅም።

ለሌላው ሰው ይህ ቤት መቀየር ነው። ለእኔ ግን አንተን ትቶ መሄድ ነው። መቃብርህ እኮ እዚሁ ደቡብ ጫፍ፣ ከመኝታዬ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ነው። ከሰሜን ግን ባሕሩ ካልሸሸ ወደ አንተ መምጫ የለኝም። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ፤ ዕቃውን ተሸክሜ ስሄድ ልቤ ንጹሕ አልነበረም። ውሃው ጣፋጭ ሆኖ እንዲገኝ እየጸለይኩ ነበር።

አንተ ተማሪዎችህን እንዳስተማርካቸው አደረግኩ። ባዶዎቹን የሸክላ ሳህኖች መዘንኩ። በአንዱ የዝናብ ውሃ ለማነጻጸሪያ፣ በሌላው የጉድጓዱን ውሃ፣ እኩል ሰፍሬ በአንድ ዓይነት ኩራዝ ላፈላ ተነሳሁ። ማኔአባ ውስጥ ጠረጴዛ የለም፤ የመስታወት መስፈሪያውን ምንጣፉ ላይ ነው ያቆምኩት። ታኦማቲ በተቀመጠበት ሆኖ ከላይ ቁልቁል አየና "መስመሩን አልፏል" አለ።

"ከላይ ያየ ያበዛል፣ ከታች ያየ ያሳንሳል" አልኩት። "አገጭዎን ምንጣፉ ላይ ያድርጉና ይዩት።"

"አንቺ! ባልሽ እንኳ በሕይወት እያለ በደረቴ አላስተኛኝም!"

"ባሌ ያፍርዎት ነበር፤ እኔ አላፍርም።"

አጉረመረመና ተኛ። እሱን አይተው የቀሩትም ተኙ። ያ ሁሉ ሽበታም ሽማግሌ በደረቱ ተዘርግቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የውሃውን ጎድጓዳ ሆድ ሲያይ ብታየው ኖሮ! ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ ላሳይህ ዞር አልኩ፤ አንተ የለህም።

ውሃው ተንኖ ሲያልቅ የዝናቡ ሳህን ባዶ ሆነ። የጉድጓዱ ሳህን ላይ ግን ቡናማ የሚያጣብቅ ነገር ተጋግሮ ማኔአባው ሁሉ የተቃጠለ ስኳር ሸተተ። ጨው እንዲህ አይሸትም። ሩቲያና የጉድጓዱ ውሃ የመጣበትን ጠርሙስ አንስታ አሸተተችው።

"ይሄ የማን ጠርሙስ ነው?"

ታኦማቲ ጢሙን ማከክ ጀመረ። ከኮኮናት ዛፍ የሚቀዳውን ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያጠራቅምበት ጠርሙሱ ነው ለካ! ሳያጥብ ውሃ ቀድቶበት መጣ።

"ታዲያ ጉድጓዳችን ማር ነው ማለት ነዋ!" አለ፤ ሰዉ በሳቅ ወደቀ።

እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። እንደገና መለካት ነበረብን፤ እንደገና መለካት ደግሞ ተስፋ ነው። ጠርሙሱን በዝናብ ውሃ ራሴ አጠብኩ፣ ውሃውን ራሴ ቀዳሁ፣ ሳህኑን ፍቄ እንደገና መዘንኩ። በዚህኛው ምንም አልሸተተም። ሳህኑ ታች ነጭ ነገር ደርቆ ቀረ። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው ክንዱ ወደ ሳህኑ ጋደለ። ሩቲያና በጣቷ ነክታ ቀመሰችውና ልጇን አቀፈች።

ያኔ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የት እንደተኛህ የማያውቅ አልነበረማ። ታኦማቲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ድገሚው ልጄ። ምናልባት እጅሽ ስቶ ይሆናል። እኛ እንጠብቃለን" አለኝ። እንደዚያ ደግ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

ግን የአንተ ድምፅ መጣብኝ። ተማሪዎችህ የጠሉት ቁጥር ሲወጣ "እንድገመው?" ሲሉህ፣ "እጅህን ከጠረጠርክ ድገም፤ መልሱን ከጠላኸው ግን ዋጥ አድርገው" ትላቸው ነበር። ምነው ይህን ባላስተማርክ! የሩቲያና ልጅ ጭኗ ላይ ከስቶ ተኝቷል። ጠርሙሱ ንጹሕ ነበር። ሚዛኑም ልክ ነበር።

"እጄን አልጠረጥረውም" አልኩ። "ውሃው ጨው ነው።"

ነገ ባሕሩ ሲሸሽ እንሻገራለን። ታኦማቲ ጣሪያችንን አፍርሶ ሰሜን ሊተክልልኝ ቃል ገብቷል። ዛሬ መቃብርህ ላይ ያለውን ነጭ ጠጠር አንድ በአንድ አጥቤ መለስኩት። ከዚያ አገጬን አሸዋው ላይ አድርጌ ከጎንህ ተኛሁ። ከላይ ቆሜ ሳይህ ሐዘኔን ያበዛሁት ይመስለኝ ነበር። ዝቅ ብዬም አየሁት፤ ያው ነው፣ አልቀነሰም።

አንድ ነገር ደብቄህ አልሂድ። ከሞትክ ጀምሮ ጠዋት ስነቃ ዓይኔን ሳልገልጥ የምንጣፉን ያንተን ወገን በእጄ እዳስሳለሁ። ትላንትም ባዶ ነበር፣ ዛሬም ባዶ ነው። እጄን ጠርጥሬው አይደለም የምደግመው፤ መልሱን ስለጠላሁት ነው። ከነገ ጀምሮ አልዳስስም ብዬ ቃል ልገባልህ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት።

አልችልም፣ ባራኒኮዬ። የጉድጓዱን ዋጥኩልህ፤ ይህችን ግን ተውልኝ። ሰሜንም ሄጄ እዳስሳለሁ።

ያንተዋ
ቦታኬ