በቀይ ቀለም የተጻፈው ካርዴ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለእኛው እንቅልፌ፤

እንደምን ከረምክ? ጎንህስ እንዴት ሆነ? ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰ ያስቀምጠኛል ያልከው ሕመም ጋብ አለልህ ወይስ ባሰበት? የዳቦ ቤቱ አለቃህ የዱቄት ጆንያ ከማንሳት ገላገለህ? ምግብ ይረጋልሃል? ብርዱስ? አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው እንደምዘል ይታወቀኛል፤ ደንበኞቼ «ቶሎ ቶሎ» የሚል ስም ያወጡልኝ በከንቱ አይደለም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እናታችን ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ባለቤቴም ልጄም ደኅና ናቸው። ያልተረጋጋሁት እኔ ነኝ። ይህንንም የምጽፍልህ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሆኜ፣ በየሁለት መስመሩ እየተነሳሁ በር በሩን እያየሁ ነው።

የሚያስቸኩለኝን ልንገርህ። ይህን ደብዳቤ ከታሸገው ፖስታ ጋር የምታደርስልህ የጎረቤታችን የጫማ ሰፊው ልጅ ናት፤ የምትበረውም ነገ ነው። አንተ ደግሞ ሐሞትህ ውስጥ ላለው ጠጠር ኦፕራሲዮን የምትሆነው በሃያ ሦስት። ሐኪሞቹ ሆድህ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ አይተው፣ ልጅ ሆነህ ትርፍ አንጀትህ የወጣ ጊዜ ሁለት ቀን ሳትነቃ መቆየትህን ከአፍህ ሰምተው፣ ያኔ የተሰጠህ ማደንዘዣ የተጻፈበት ወረቀት ካልመጣ አናስተኛህም እንዳሉህ ጽፈህልኝ ነበር። እሱስ ደግ አሉ። ያቃጠለችኝ መጨረሻ ላይ የጨመርካት መስመር ናት። ወረቀቱ ከዘገየ «ተሳስቼ ነው፣ ምንም ሆኜ አላውቅም» ብዬ እገላገላለሁ አልክ። ያቺን ሳነብ የአንድ መምህር ፀጉር ግማሹን ቆርጬ ግማሹን ትቼ ወጣሁ፤ ሰውየው በግማሽ ጎፈሬ ሲጠብቀኝ ዋለ። እባክህን እንዳትሞክራት። ለምን እንደሆነ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል።

የወጣሁት በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ነበር። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምጿ ከፍም ዝቅም የማይል ሴት ተቀምጣለች። የወንድሜን ካርድ አውጪልኝና ኮፒ አድርጌ ልሂድ አልኳት። ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ወንድሙ ነኝ ብላት ወንድምነት አይበቃም አለች። ባለቤቱ ራሱ ይምጣ፤ መምጣት ካልቻለ የትኛው ወረቀት፣ የየትኛው ዓመት፣ ለማን እንዲሰጥለት እንደሚፈልግ ጽፎ ይፈርም፤ የመታወቂያውን ኮፒ ያያይዝ፤ አንተም የራስህን መታወቂያ ይዘህ ና፤ ይኸው ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ አንድ ጡት ጠብተን ያደግን ነን፣ ከእኔ የሚደበቅ ምን ገመና አለው ብዬ ተንጣጣሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «ለደግ የሚመጣ ወንድም አለ፣ ለክፉ የሚመጣም አለ። እኔ በዚህች መስኮት ልለያቸው አልችልም» አለችኝ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ብዬ እያጉተመተምኩ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ግን እውነቷን ነበር። የእኔንም ገመና አንዱ ወንድሙ ነኝ ባይ መጥቶ ቢያገላብጠው ደስ አይለኝም።

የፈረምክበት ፈቃድ እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ባልደረባዬን ብትጠይቀው ይሻላል። የሁለት ሰው ጆሮ ጫፍ ስለጫርኩ ምላጩን ከእጄ ነጥቆ መጥረጊያ አስያዘኝ። ወረቀትህ የመጣ ቀን ሱቁን ለእሱ ትቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሴትዮዋ ፊርማህን ከመታወቂያህ ጋር እያስተያየች ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ፊርማህ መቼም ቀለም ውስጥ ወድቃ የወጣች ዝንብ የሄደችበት ነው የሚመስለው። ከዚያ የምሞላው ቅጽ ሰጠችኝ። እኔ «ሁሉንም» ብዬ ልጽፍ ስል፣ ሐኪሙን በመቶ ቅጠል ውስጥ እንዲዳክር አታድርገው፣ የሚፈልገው የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻ፣ የማደንዘዣውን ቅጽና ከሆስፒታል ሲወጣ የተጻፈለትን ማጠቃለያ ነው ብላ ራሷ አስተካከለችልኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ አለችኝ።

ተመለስኩ። ካርድህ ተገኝቷል፤ ውስጡ ሁለት ክትባት፣ አንድ ሳል፣ ከአጥር ወድቀህ የታሸልህ ጣት አለ። ትርፍ አንጀት የሚባል ነገር የለም። ያንን ዓመት አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈበትም። ምድር ቤት ያለውን የድሮ መዝገብ የሚጠብቁትን ሽማግሌ ስለምናቸው፣ ሁለት ጊዜ ወርደው አቧራ ጠግበው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ሴትዮዋ ይህ ሰው እዚህ ኦፕራሲዮን ሆኖ አያውቅም ስትለኝ ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ጠባሳህን እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ስንዋኝ በጣቴ እየነካሁ ስንት ጊዜ አሹፌብሃለሁ። እንቅልፌ የሚለው ስምህም የወጣልህ ያኔ ሁለት ቀን በመተኛትህ ነው።

ቤት ስገባ እናታችን አተር ትፈለፍል ነበር። የሆነውን ስነግራት እጇ ቆመ።

«በማን ስም አስፈለግህ?» አለችኝ።

በእሱ ነዋ፣ በማን ስም ይፈለጋል አልኳት። አተሩን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «በአንተ ስም አስፈልገው» አለችኝ።

ዕለቱ እሑድ ነበር አለች። አንተ ሆድህን ይዘህ ስትጮህ አዝላህ ሮጠች። በሩ ላይ ዘበኛው ካርድ ከሌለ አይገባም አላት። የአንተ ካርድ ቤት ቀርቷል፤ አዲስ ካርድ የሚወጣበት መስኮት እሑድ ዝግ ነው። እኔ በዚያ ሳምንት ጆሮዬን ታምሜ ስለነበር የእኔ ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ እሱን ሰጠችና ገባች። ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። ሰኞ ግን አንተ አልነቃህም። ከዚያ ፈራችና ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት። እዚያ በተኛህበት ስድስት ቀን ሙሉ በነርሶቹ ፊት በእኔ ስም ስትጠራህ ከረመች። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ቤት እንደተመለስክ «ሆስፒታል አንተ ነበርኩ» ስትለኝ ቆንጥጬሃለሁ። መድኃኒቱ ነው የሚያናግረው ብለን ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።

በማግሥቱ የራሴን ካርድ ጠየቅሁ። ለዚህ ፈቃድም ደብዳቤም አላስፈለገም፤ መታወቂያዬን አሳየሁ፣ ቅጽ ሞላሁ፣ አለቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አሥራ አንድ ቀን ደጅ ደጁን ሳይ የከረምኩት የገዛ ካርዴን ፍለጋ ኖሯል። ከፍቼ ሳነብ መጀመሪያ ያገኘሁት «ዕድሜው ዘጠኝ፤ ሰውነቱ ከዕድሜው ያነሰ ነው፤ ምግብ ይጨመርለት» የሚል ነው። እኔ! በዘጠኝ ዓመቴ ጉንጬ ዓይኔን ሸፍኖት ነበር እኮ። ሴትዮዋ ከመነጽሯ በላይ እስክታየኝ ድረስ ሳቅሁ።

ቅጠሉን ሳገላብጥ ሳቄ ቀረ። የማደንዘዣው መርፌ ከተሰጠህ በኋላ ገላህ ሁሉ ሽፍታ ወጣበት፣ ፊትህ አበጠ፣ ትንፋሽህ ተቋረጠ ይላል። እንደገና እስክትተነፍስ በእጃቸው ነው አየር የነፉልህ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ተጽፏል፤ እኔ አልጽፍልህም፣ ራስህ ታየዋለህ። ከሥሩ ይህ መድኃኒት ለዚህ ሕመምተኛ ዳግመኛ እንዳይሰጥ የሚል በቀይ ቀለም ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። የመድኃኒቱ ስም ለአፌ አይመችም፤ ስለዚህ በስልክ ልንገርህ ብዬ አልሞከርኩም።

ያንን ቀይ ቀለም አውቀዋለሁ። የካርዴ ሽፋን ላይም አለ። ከስምንት ዓመት በፊት መንጋጋዬን ሲነቅሉልኝ የጥርስ ሐኪሙ አይቶት አላደነዝዝም አለ። ኧረ እኔ ታምሜ አላውቅም ብለው፣ ከአንተ ይልቅ ካርዱን አምናለሁ ብሎ በደረቁ ነቀለው፤ ሁለት ሰው ነው የያዘኝ። በስልክ ስነግርህ እየሳቅህ ልትሞት ነበር። እንቅልፌ፣ ያን ቀን የጮኽኩት የአንተን ጩኸት ነው።

ታዲያ በእኔ ስም የተጻፈ ወረቀት ለአንተ ምን ይሠራል? እኔ እንደልማዴ ቸኩዬ ስሜ ይፋቅና የእሱ ይጻፍ አልኩ። ያቺ የማትቆጣ ሴት ያኔ ተቆጣች። የተጻፈ አይፋቅም፣ ስህተት የሚታረመው ሌላ ገጽ ተጨምሮ ነው አለችኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ አንገቴን ደፋሁ። እናታችን ቀርባ የሆነውን አስረድታ ትፈርም፣ እኔም ጠባሳ እንደሌለብኝ ሐኪም አይቶ ይመስክር ተባለ። እኔ ሸሚዜን ገልቤ በአንድ ቀዳጅ ሐኪምና በሁለት ተማሪዎቹ ፊት ተጋደምኩ። አንዷ ተማሪ ስብ ሸፍኖት እንዳይሆን ብላ ሆዴን ተጫነችው። እሱም ተጻፈ።

እናታችን ግን አልሄድም ብላ ሁለት ቀን አስጨነቀችኝ። የሚያስሯት መስሏት ነው ብዬ ነበር። የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ጉልበቷን ልታሳርፍ ስትቀመጥ ነው የነገረችኝ። አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ እሷ ዘጠኝ ብላለች። መድኃኒቱን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ለክተው ሰጡት፣ በእኔ ውሸት ነው የተኛው፣ በገዛ እጄ ልገድለው ነበር ብላ ስታምን ኖራለች። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ሳል በያዘህ ቁጥር የምትደነግጠው፣ ስልክህ ሲዘገይ የምትንቆራጠጠው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ዕረፍት ማጣቴን ከማን እንደወረስኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለሐኪሙም ደግማ ነገረችው። የማደንዘዣውን ቅጽ ወደ እሷ አዞረና አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እማማ፣ መድኃኒቱ የተለካው በዕድሜ አይደለም። ሚዛን ላይ አውጥተውታል፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ይላል። ሰባት ቢሉም ዘጠኝ ቢሉም የሚሰጠው ያው ነበር። መድኃኒቱን እንቢ ያለው የልጁ ሰውነት ነው።»

እንደገና አንብብልኝ አለችው። አነበበላት። ሦስተኛ ጊዜ እኔ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ አነበብኩላት። ፈረመች። ከዚያ ካርድ ክፍል ገብታ የዚያን ቅጽ ኮፒ ለራሷ እንዲሰጧት ለመነች። ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ አስቀመጠቻትና፣ በጣም አዝናለሁ፣ አሁን የእሱ መሆኑ ስለተረጋገጠ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል አለቻት። እኔ ልከራከር ስል እናታችን ክንዴን ያዘችኝ። ልክ ናት፣ የእሱ ነው አለች።

ስለዚህ እነሆ። የታሸገውንና ማኅተም ያለበትን ፖስታ ሳትከፍት ለሚያስተኛህ ሐኪም በእጁ ስጥ። ሦስቱ ቅጠሎች፣ የእናታችን ቃልና የእኔ ሆድ ምስክርነት ውስጡ አሉ። ያልታሸገው ኮፒ የራስህ ነው፤ ሌላ አገር ብትሄድ ሌላ ሐኪም ይጠይቅሃልና አትጣለው። ፖስታው የደረሰህ ቀን ስልክ ደውል፤ ካልደወልክ ባልደረባዬ መጥረጊያውን መልሶ ያስይዘኛል። ለእናታችን ደግሞ ለዚያች አንድ ቅጽ ፈቃድህን ጽፈህ፣ ያቺን የዝንብ ፊርማህን አኑረህ ላክላት። የማታነበውን ወረቀት ምን ታደርግበታለች እንዳትል። በእኔ ካርድ ላይ ያለው ቀይ ቀለም እንደማይመለከተኝ ሐኪሙ አዲስ ገጽ ጽፎልኛል፤ ሁለተኛው መንጋጋዬም እንደ ሰው ተደንዝዞ ይነቀላል።

ባለቤቴ ሹራብ ሳትደርብ እንዳትወጣ ትልሃለች። ልጄ በጠጠሩ ምን እንደሚደረግ መጠየቅ አላቆመችም፤ ካወጡት አስቀምጥላት። ባልደረባዬ ጤናህን ከነሙሉ ጆሮው ይመኝልሃል። እናታችን ሰላምታዋን እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ አለችኝ፤ ቃሉ የእሷ ነው። «በሁለተኛው ቀን ነርሶቹ ወጥተው ብቻችንን ስንቀር፣ ጆሮው ሥር ሆኜ በገዛ ስሙ ጠራሁት፤ ያን ጊዜ ነው ዓይኑን የገለጠው። እዚያም ሲቀሰቅሱት በስሙ ይጥሩት በለው።»

የማይረጋጋው ታላቅ ወንድምህ

ከፀጉር ቤቱ፣ ከመስተዋቱ ፊት
ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን