የቀኝ እግሬ ጉዳይ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ደወሉ ሳይደወል ደረስኩ። አሥረኛ ክፍሎችን ስለ ግፊት አስተማርኩ፤ ከምሳ በኋላ ስለነበር ግማሾቹ አንቀላፉ። ምሳ ጎደሬ በኮኮናት ወተት።

የቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ማመም ከጀመረኝ ሦስት ወር ሞላው። አልወደቅሁም፣ ወለም አላለኝም፣ ማንም አልረገጠኝም። ዝም ብሎ መጣ። ከውጪኛው አጥንት ሥር ይጀምርና ወደ ውስጥ እግሬ ይወርዳል። እብጠት የለ፣ መቅላት የለ... ታዲያ ምንድን ነው?

ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቹን “ከመገመታችሁ በፊት መዝግቡ” ስል ኖሬ የራሴን እግር አልመዘገብኩም። ከዛሬ ጀምሮ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እሰጠዋለሁ። ከአልጋ ስወርድ 7። ቀትር ላይ 4። አሁን 5።

ኤኔሊኮ ደብተሩን በትከሻዬ በኩል አየና፣ “ለእግርሽም ማርክ መስጠት ጀመርሽ?” አለ። “እንዳትጥዪው ብቻ።” ባል ተብዬው።

እሑድ፣ ማርች 9

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አጎቴ ፌአጋይ ዘንድ ሄድን። ቀኑ ተቆረጠ። ኤፕሪል 26 የሟቹን አባቴን ማታይነት፣ የአለቅነቱን ስም፣ ተቀብዬ የቤተሰቡ አለቃ እሆናለሁ። አጎቴ ኦክላንድ ያለውን የአክስቴን ልጅ ነበር የፈለገው። ቤተሰቡ ሦስቴ ተሰብስቦ እኔን መረጠ። አጎቴ የቤተሰቡ አፈ ጉባኤ ነውና የተወሰነውን ተቀበለ... ግን ጥርሱን ነክሶ።

“አራት ሰዓት ይፈጃል” አለኝ። “ምሰሶውን ተደግፈሽ፣ እግርሽን አጣጥፈሽ ነው የምትቀመጪው።”

“መሐል ላይ እግር መዘርጋት ቢያስፈልግስ?”

“እንግዳ ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቆ፣ ወደ ሰው የዞረ ባዶ እግር ነውር ነውና፣ እግሩን በሰሌን ሸፍኖ ይዘረጋል። የሚሾም ሰው ሲዘረጋ ግን አይቼ አላውቅም። ምነው ጠየቅሽ?”

“እንዲሁ ነው።”

ለምን ዋሸሁ? 

ቤት ገብቼ ሰዓት ይዤ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ስነሳ 8።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ሁሉም ሰው የራሱ ምክንያት አለው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ “ጫማሽ ነው” አለች። ቀየርኩ። ለውጥ የለም። የአውቶቡሱ ሾፌር፣ “ሪህ ነው፣ የቆርቆሮ ሥጋ ተዪ” አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ተውኩ። ተናደድኩ እንጂ አልተሻለኝም። ኤኔሊኮ ዝናቡ ነው ይላል። ዝናብ የጣለባቸውንና ያልጣለባቸውን ቀኖች ለያይቼ ደመርኩ፤ ልዩነት የለም። ደስ የሚለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሦስት መልሶች መሳሳታቸውን አሁን አውቃለሁ።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ዛጎል ልለቅም ገባሁ። ውኃው ወገቤ ጋ ሲደርስ ቆም አልኩ... የሆነ ነገር ጎድሏል። ሕመሙ። ዜሮ! ከሦስት ወር በኋላ ዜሮ። እንደ ሐውልት ቆሜ ቀረሁ። ዛጎሉንም ረሳሁት።

ለምን?

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ሙከራ። ውኃው ጉልበት ላይ ሲደርስ 4። ጭን ላይ 2። ወገብ ላይ 0። እንግዲያው ክብደት ነው ማለት ነው? ግን አልጋ ላይ ስተኛ ምን ክብደት አለብኝ? እዚያም ያመኛል እኮ።

ቅዝቃዜው ይሆን? ኤኔሊኮ ከጉድጓዱ ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ አመጣ። እግሬን ነከርኩ። 5። እንደገና ባሕሩን በባልዲ አመጣ፣ ጨው ከሆነ ብለን። 5።

“አሁን ማዕበሉን በባልዲ አምጣ እንዳትዪኝ” አለ። “ጎረቤቱ ሁሉ ሚስቱን በየሰዓቱ የሚያጠምቅ ሰው ይለኛል።”

ሳቅኩ። ግን ማዕበሉ... እሱስ ቢሆን? ባሕር ውስጥ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ሲወዛወዝ ነው የሚውለው።

እሑድ፣ ማርች 23

ከአልጋ ሳልወርድ አሥር ደቂቃ እግሬን አወዛወዝኩት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ዙሪያውን። ስረግጥ 5። ሌላ ጊዜ 7 ነበር። አንድ ቀን ግን ማስረጃ አይሆንም። 

ዓርብ፣ ማርች 28

በማለዳዋ መርከብ ወደ ዋና ከተማው አፒያ፣ ሐኪም ቤት። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት 5፣ 5፣ 4፣ 5፣ 5። ማስረጃ ሆነ።

ራጅ ንጹሕ። የደም ምርመራ ንጹሕ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቶቹን ሁለቴ አገላበጣቸው።

“ሪህ አይደለም። ስብራት የለም። ጅማትሽም ደህና ነው።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

ወረቀቶቹን ወደ ጎን አደረጋቸው። ከዚያ፣ “እውነቱን ልንገርሽ? አላውቅም።”

“ውሸት ነው ማለትህ ነው?”

“ኧረ አልወጣኝም። ያምሻል። ምክንያቱን እኔ አላገኘሁትም ነው ያልኩት።”

ደብተሬን አሳየሁት። ስለ ባሕሩ ሲያነብ ወንበሩን አስጠጋ። “ይህን ቀጥዪበት” አለ፤ “ባሕሩንም፣ ማወዛወዙንም። በሦስት ወር ተመለሽ።”

በመመለሻው መርከብ ላይ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም፤ አልከፋኝም ነበርና። መታመን ያስለቅሳል?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ወጌሻዋ ቫኢማ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ግን እንደ ብረት። በኮኮናት ዘይት ግማሽ ሰዓት ስታሸኝ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

“የዞረ ጅማት የለሽም” አለች በመጨረሻ። “ምን እንደሆነ አላውቅም። ሳሽሽ ይሻልሻል?”

“አዎ እማማ።”

“እንግዲያው ነይ።”

ሁለተኛው “አላውቅም”። እንግዳ ነገር... ከሚያውቁት ይልቅ የማያውቁት ናቸው የረዱኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

አርባ አንድ ደቂቃ። በየዕለቱ ተለማምጄ የደረስኩበት ይኸው ነው። ከአራት ሰዓት አርባ አንድ ደቂቃ።

አጎቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። መርከቡን፣ ራጁን፣ ቁጥሮቹን። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሰማኝ።

“ስሙን ለአክስትሽ ልጅ ልስጠው እያልሽኝ ነው?”

“እግሬን ልዘርጋ እያልኩህ ነው።”

“ከአምስት መንደር ሰው ይመጣል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የወንድሜ ልጅ እግሯን ዘርግታ የሹመቱን መጠጥ፣ ካቫውን፣ ስትጠጣ... ራሷን ያልቻለች ቤተሰብ እንዴት ትችላለች ይላሉ።”

“አንተስ? አንተስ ምን ትላለህ?”

“እኔ አልዘረጋሁም። ሠላሳ ዓመት።”

ተናድጄ ወጣሁ። ኤኔሊኮ ምንም አልጠየቀም። ፎጣ ይዞ ወደ ባሕሩ ተከተለኝ፤ እስኪመሽ ወገባችን ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመን ቆየን። ስሙን ልተወው? አባቴ በዚህ ስም ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። በእግር ምክንያት?... አልተውም። ግን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ሆነ።

ምሰሶውን ተደግፌ። ግራና ቀኝ ሽማግሌዎች፣ አሥራ አራት ናቸው። ንግግር፣ ሌላ ንግግር፣ ለንግግሩ መልስ። አንድ ሰዓት ከሩብ ድረስ ቻልኩ። እግሬን በወገቤ ካሸረጥኩት ላቫላቫ ሥር በድብቅ ሳንቀሳቅስ ቆየሁ። 6... 8... ከዚያ 9። ፊቴን ላብ አጠመቀው። የሚናገረውን ሰው አፍ አያለሁ፣ ቃሉ አይሰማኝም። ራሴን ልስት ነው ብዬ ፈራሁ። ከመውደቅና ከመዘርጋት የቱ ይብሳል?

ተናጋሪው ሲቀመጥ አፌን ከፈትኩ።

“ይቅር በሉኝ፣ አባቶች። እግሬን ያመኛል። ምክንያቱን ሐኪምም ወጌሻም አላወቁትም። ክብራችሁን ሳልነካ ልዘርጋው?”

አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል። ኤኔሊኮ ከኋላ ሰሌን አቀበለኝ፤ ሸፍኜ ዘረጋሁ።

ከማዶ የተቀመጡት ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እንግዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጄ” አሉ፣ “ያ ሰሌን ሰፊ ነው?”

“አዎ አባቴ።”

“እንግዲያው አንድ ሌላ ካለ ለእኔም። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የተቀመጠው ሬሳዬ ነው።”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሰሌን መጣ። ከዚያ አጠገባቸው ያለው፣ “በዚያው ለእኔም” አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል እጁን ብቻ ዘረጋ። ቆጠርኩ፤ መተው አልቻልኩም፣ ልማድ ሆኖብኛል። ከአሥራ አራት ሽማግሌ ስድስት። ሴቶቹ ከጓዳ ሰሌን ፍለጋ ሲሯሯጡ ይሰማል።

ካቫው ተሰጠኝ። ስሙ ተጠራ። ጠጣሁ። እግሬ እንደተዘረጋ።

አጎቴ እስከ መጨረሻው አጣጥፎ ተቀመጠ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ጠዋት 7። ስም ተለወጠ፣ እግር አልተለወጠም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጎቴን በረንዳ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከሹመቱ ወዲህ አልመጣም ነበር። ለጠብ የመጣ መሰለኝ።

በአባቴ ስም ጠራኝ። ከዚያ፣ “እርስዎ ደህና ዋሉ?” አለ። እርስዎ! አንገቱ ላይ ተንጠልጥዬ ያደግሁበት አጎቴ። “ግባ እንጂ” ብቻ አልኩ።

ሻይ አፈላሁ። ስለ ጎደሬው አወራ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አወራ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“በርስዎ ቤት... ይቅርታ ይደረግልኝና... እግሬን ልዘርጋ?”

“ዘርጋ፣ አጎቴ።”

ቀስ ብሎ ዘረጋው። ግራውን። በአውራ ጣቱ ከውጪኛው አጥንት ሥር ነካው። ልክ እኔን የሚያመኝ ቦታ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“አሥራ አንድ ዓመት።”

“ለማን ነግረህ ነበር?”

“ለማን ልንገር? አፈ ጉባኤ ነኝ እኮ።” ወደ ባሕሩ ተመለከተ። “ያን ዕለት ሰሌኑ በአጠገቤ ሲያልፍ እጄን ልሰድ ነበር። እምቢ አለኝ፣ እጄ። አየሽ?” እርስዎ መሆኔን ረሳው፤ ደስ አለኝ።

“ባሕር ውስጥስ ያምሃል?”

“ባሕር? ከገባሁ ስንት ዘመኔ።”

“ነገ እንገባለን።”

አሰበበት፤ ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ማለቱ ነው። የእሱ ግራ፣ የኔ ቀኝ... በዘር የሚመጣ ነገር ይሆን? አባቴስ ያመው ነበር? ማንን ልጠይቅ? ለሐኪሙ የምወስደው ጥያቄ በዛ።

“ሰሌን ላምጣልህ?” አልኩት።

“ተዪው” አለ፣ ባዶ የእግር ጣቶቹን ወደኔ እንዳዞረ። ሻዩን እስኪጨርስ እግሩን አላጠፈውም።