ጠፋ ስለተባለው አሥራ ሁለተኛ የሸሚዝ ቁልፍ

ለተከበሩ የደራሲ ዘመኑ ገሠሠ መታሰቢያ ቤተ መዛግብት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የለሰለሰ፣ ወንበርዎም እንደ ጤናዎ የጸና ይሁን እያልሁ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጦርነቱም ሙቀቱም ሳይጨርሰኝ በስፌት መኪናዬ እኖራለሁ።

ዝነኛው ደራሲ ከአርባ ዓመት በፊት እዚሁ ሱዳን፣ ሾዋክ የስደተኞች ካምፕ ሳለ የሠራው የሰሌዳ ጨዋታ ከመዛግብትዎ ሣጥን ሥር ተገኝቶ ለሕዝብ መታየቱን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የቆየው ያሳተሙትን መግለጫ እስካነብ ድረስ ነው።

አንደኛ፦ ሰሌዳ የሆነውን የዱቄት ጆንያ «ስሟ ያልታወቀ ስደተኛ ሴት» ሰፋችው ብለው ጽፈዋል። ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን ሙሉ በዋትሳፕ እየደወሉ፣ እናቴ እያሉ፣ ዘመኑና እኔ ጨዋታውን እንዴት አብረን እንደፈጠርነው አንድ በአንድ ሲያስነግሩኝ ስሜን አሳምረው ይጠሩት ነበርና፣ ይህን ያህል ቶሎ የሚረሳ ስም ይዤ በመገኘቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፦ ሰሌዳው ላይ ከረድፉ ጫፍ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ቀስት ሊቃውንትዎ «የታሪክ ወደ ኋላ መጎተት ፍልስፍናዊ ምልክት» ብለውታል። እንዲህ ያለ ዕውቀት ቁረይሻ እርሻ ላይ ሰሊጥ ስናጭድ ቢኖረን ኖሮ ወገባችን ባልተቆረጠ ነበር። ክቡርነትዎ፣ በአጨዳ ረድፉን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ተመልሶ የኋለኛውን ያግዛል፤ የመጨረሻው ሳይወጣ ማንም ጥላ አይገባም። ጨዋታውም ይኸው ነው። መጫወቻ ያደረግናቸው አሥራ ሁለቱ የሸሚዝ ቁልፎች አሥራ ሁለት አጫጆች ናቸው፤ አሸናፊ የለም፤ የሚያልቀው የመጨረሻው ቁልፍ ከማሳው ሲወጣ ነው። ይህን ሁሉ ነግሬዎት ነበር። እርስዎ ግን «ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል» ብለው አሳትመው፣ ለቀደመው ጎብኚ ሜዳሊያ አጥልቀዋል።

ሦስተኛ፦ ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ሐዘን ነው። ዘመኑ ሰሌዳውን ጠቅልሎ ከካምፕ ሲወጣ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ደራሲ መሆኑን የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ መሞቱንም እንዲሁ። ስሜን በመጽሐፎቹ ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ እሱን ግን ሞት ይቅር አስብሎኛል። እርስዎ በሕይወት አሉ፣ ቁጥሬም እጅዎ ላይ ነው፣ ከመግለጫው ወዲህ ግን ስደውል አያነሡም። ልጄ ብዬ አምኜዎት ነበር፤ ከድተውኛል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

የምለምነው ስሜ ከሰሌዳው ሥር እንዲጻፍ ብቻ ነው።

ስለ ሦስቱ ቀናት ትሕትናዎ፣ እስካሁን መንገድ ላይ ስላለው የመክፈቻ ጥሪዎና እናት ብለው ስላከበሩኝ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚጎነበስ ወገብ አጨዳው አላስተረፈልኝም።

ስሟ ያልታወቀው፣
ለተሃይማኖት ኪዳኔ
ልብስ ሰፊ፣ ገዳሪፍ

ማስታወሻ፦ በመግለጫዎ ጠፋ ያሉት አሥራ ሁለተኛ ቁልፍ አልጠፋም። ሰማያዊ ነው፣ አራት ቀዳዳ አለው፤ ዘመኑ ሲሄድ፣ ያላንቺ ጨዋታው አያልቅም ብሎ እጄ ላይ ትቶት ነው። በፖስታ አልልከውም። እርስዎ ቀድመው ደርሰዋል፤ ደንቡንም ነግሬዎታለሁ፤ ይመለሱና ይውሰዱት።