የደጋ ቤት ደንብ

ቦንጋ፣ ሰኔ 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

እንደ እናቴ ለማይዎት ለእማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? ልጇን አፈር ያለበሰች እናት ጤና እንደማይጠየቅ አውቃለሁ፤ ግን ሰላምታ ሳላስቀድም ደብዳቤ እንድጀምር አድርገው አላሳደጉኝም። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ አላባራም።

በቀብሩ ዕለት ለገሰን የገደለው ያ ከልጅነቱ የሚያመው ደረቱ እንደሆነ ጠይቀውኝ አንገቴን ደፋሁ። አዎ ያልኩ መሰለዎት። ለገሰን ደረቱ አልገደለውም፣ እማማ። ፊትዎን እያየሁ ለመናገር ወኔ ስላጣሁ ነው በወረቀት የመጣሁት።

ለገሰ መምህር ሆኖ ደካ ሲመደብ፣ ብርድ እንዳያገኝብኝ ብለው አደራ ጻፉልኝ። ደካ ደጋ ነው፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይገለጥም። የመንግሥት ቤት ደግሞ ለቆላም ለደጋም በአንድ ዲዛይን ነው የሚሠራው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ነፋስ ይገባል፤ ኮርኒስ የሚባል ነገር የለውም። መምህራኑ እንጨት ሲያነዱ ይከርማሉ፤ ደኑ ያልቃል እንጂ ቤቱ አይሞቅም። እኔም ለደጋ ወረዳዎች የሚሆን የቤት አሠራር ደንብ አርቅቄ ለምሠራበት የግንባታ ቢሮ አቀረብኩ። ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ ጭድ የተጠቀጠቀበት፣ ቀዳዳ የሚባል ሁሉ የተደፈነ እንዲሆን። ጸደቀልኝ። በደንቡ መጀመሪያ የተሠራው ባለ አራት ክፍል የመምህራን ቤት ነው፤ አራተኛውን ክፍል ለለገሰ አሰጠሁት። ገብቶ ባደረ ማግስት፣ ቆላ የወረድኩ መሰለኝ ብሎ ቀለደብኝ። ኩራቴን አይጠይቁኝ።

ቤቱን የሠሩት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉ የደካ አናጢ ናቸው። የአገሩ ቤት ክዳኑ ሣር ስለሆነ፣ እሳት መሐል ለመሐል ቢነድም ጭሱ ሾልኮ ይወጣል። ሽማግሌው ይህን አስረድተው፣ ሰው ብርድ ሲጠናበት እሳት ማስገባቱ አይቀርምና መተንፈሻ እንተውለት አሉኝ። ደንቡ ላይ እሳት አያስፈልግም ብዬ ጽፌ የለ፤ ሳቅሁባቸው።

«እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በርክክቡ ዕለት ሦስቱን ክፍሎች በር ላይ ቆሜ አየት አድርጌ አለፍኩ። የለገሰን ግን ወንበር ላይ ወጥቼ ጥግ ጥጉን ሁሉ ፈተሽኩ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ በረታ። የእንጨቱ ጭስ መውጫ ስለሌለው አራቱም መምህራን የከሰል ምድጃ ገዙ። በዚያ ሳምንት አራቱም በራቸውን ዘግተው ከሰል አነደዱ። ሦስቱ ጠዋት ተነስተው ትምህርት ቤት ሄዱ።

ከዞን ኮሚቴ መጣ። ኮርኒሱን አንድ በአንድ ሲያዩ፣ በሦስቱ ክፍሎች ጥግ ላይ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ተገኘች። በለገሰ ክፍል የለችም። በሪፖርቱ ላይ፣ ደንቡን ጠብቆ የተሠራው አራተኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ሟች የሞተው በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ አናጢው ግን ያለፈቃድ ቀዳዳ በመተዋቸው ይጠየቁ ተብሎ ተጻፈ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን የሚሉት እንዳለ ጠየቋቸው።

«እኔ የተውኩት አራት ነው» አሉ።

ወደ እኔ አላዩም።

ሪፖርቱ እንደ ባለሙያ እንድፈርምበት ተሰጥቶኝ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ዋለ። አልፈረምኩም። አራተኛዋን ቀዳዳ የደፈንኩበትን ጭቃ ከየት እንዳመጣሁት ሳይቀር በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ነገ ጠዋት አስገባለሁ። የታሰሩት ሽማግሌ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እኔን ወዴት እንደሚወስዱኝ አላውቅም።

ለአርባው ልመጣ አስቤ ነበር። እንድመጣ የሚፈቀድልኝ አይመስለኝም፤ እነሱ ቢፈቅዱ እንኳ እርስዎን እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?

እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥዎ። የለገሰን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።

የለገሰ አብሮ አደግ