ለመንገዱ ማን ዋስ ይሆናል

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ፣ ማታ 2 ሰዓት

ሁለቴ ታጥቤም የጎማው ጥቁር ከእጄ አልለቀቀም። ገጽህን ባቆሽሽ ቻለው፣ ደብተሬ።

ጠዋት እንደ ልማዴ የአራቱን ጎማ ንፋስ ለካሁ። ልክ። ቢሮ። የሁለት ነጋዴ ሚዛን መረመርሁ፣ አንዱን ስለሚያጎድል አሸግሁ። ቅቤ ነጋዴው ሚዛኑ ስላረጀ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ያረጀ ሚዛን ሁሉ ለባለቤቱ ብቻ የሚያደላው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከ/ሰዓት ፈቃድ ወስጄ ጥሊሊ፣ ልጄ ሙሉ ዘንድ። እግሯ አብጧል። ትስቃለች ግን።

ስመለስ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ጉም ወረደ። ከዚያ ያ ድምፅ። ጥይት መስሎኝ መሪው ላይ ተደፋሁ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎተተችኝ። የፊት ቀኝ ጎማ ነው።

ወርጄ ቆምሁ። ዝናብ። የሚያልፍ መኪና የለም፤ በዚህ ዘመን በዚያ ሰዓት ማን ያልፋል። ክሪኩን አስገባሁ፣ ቡሎኑ አልፈታ አለ። ጥፋቱ የቡሎኑ አይደለም፣ የእጄ ነው። ከጉሙ ውስጥ ሰው ብቅ ሲል ሰላም ከማለቴ በፊት የቡሎን መፍቻውን አነሣሁ። በቅሎ የሚስብ ገበሬ ነው። እሱም ቆመ። ተያየን። ቆይቶ፣ «አይዞዎት ጌታው፣ እኔም እርስዎን ፈርቼ ነው የቆምሁ» አለኝ። ቡሎኑን እሱ ፈታው። ትርፍ ጎማውን አሰርን። መሽቶ ገባሁ።

ለራሴ አይደለም የምፈራው። ሙሉ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ዘግይታ ደርሳ ነው። በኦፕሬሽን እሷን አተረፉልን፣ ሕፃኑን አላተረፉም። አሁን ወሯ ገብቷል። ሐኪሙ ምጥ እንደጀመራት ሳትዘገይ እዚህ ኢንጅባራ ትምጣ ብሏል። እናቷ ብትኖር እዚህ እኔ ቤት ትወልድ ነበር። የለችም፤ ሴት የሌለበት ቤት ነው። ስለዚህ ጥሊሊ፣ አማቷ ቤት ናት። ባሏ ግምጃ ቤት ከተማ ይሠራል፣ በሳምንት አንዴ ይመጣል። አምቡላንሱ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ ነዳጅ የለውም። የቀረው የእኔ መኪና ነው። ባለፈው ወር ዳንግላ ሄጄ አራት አዲስ ጎማ የገዛሁት ለዚህ ነው። ከነዋስትናው።

ዛሬ ሙሉ ከኋላ ወንበር ተኝታ ቢሆንስ?

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ጎሚስታው ጋ። ጎማውን አገላበጠና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልተበሳም፣ ታርዷል» አለኝ። ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይጠገንም። ከውስጡ ጣት የምታህል ፌሮ አወጣ፤ ለሕንፃ የሚታሰረው ብረት ቁራጭ ነው። ከጭነት መኪና ወድቆ ይሆናል። ብረቷ አሁን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አያታለሁ። ታየኛለች።

የዋስትና ካርዱን አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦ «ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለትን ይሸፍናል፤ የመንገድ አደጋን አይመለከትም።»

የመንገድ አደጋ! በአማርኛ የመንገድ አደጋ ማለት መኪና ሲጋጭ፣ ሲገለበጥ፣ ሰው ሲገጭ ነው። ሬዲዮኑ በየጠዋቱ የሚነግረን። እኔ አልተጋጨሁም፣ አልተገለበጥሁም። ይህን የተረጎመ ሰው መንገድ ላይ ያለ ስለትና ድንጋይ ማለት ፈልጎ ይሆናል። ያልጻፈውን ግን እኔ አላነብለትም።

የፋብሪካ ጉድለትም አይደለም ትለኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ዝም በል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ፣ ከዳንግላ መልስ

መኪናዋ ትርፍ ጎማ የላትም፣ ስለዚህ በሚኒባስ። የተቀደደውን ጎማ ይዤ ስገባ ረዳቱ እንደ ተሳፋሪ ላስከፍለው ነው አለ። ከኋላ አንዷ ሴትዮ፣ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ አየር ያስፈልገዋል አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ እስከ ዳንግላ ጎማ ታቅፌ መንገዱን አያለሁ። የወደቀ ብረት፣ የተፈነቀለ ድንጋይ፣ ጉድጓድ። ድሮ ይህን ሁሉ አላየውም ነበር።

የጎማ ሱቁ ባለቤት ወ/ሮ ማስተዋል። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት። ቁራሿን ብረት ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁ። አየቻት፣ መልሳ ወደ እኔ ገፋቻት።

«ጋሼ፣ እኔ የሸጥሁት ጎማ ነው። መንገድ አልሸጥሁም።»

ካርዱን አነበብሁላት። ቃሉን አስረዳሁ። ሰማችኝና፣ በሬ ሸጬልዎት ጅብ ቢበላው ከእኔ በሬ ይጠይቃሉ ወይ አለችኝ። በሬውን ሲሸጡልኝ የአንድ ዓመት ዋስትና ብለው ካርድ አልሰጡኝም አልኋት። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሹፌሮች ወደ እኔ አደሉ። ይህን ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በጎማዎ ነው የመጡ ወይስ በሚዛንዎ?» አለች። የጎረቤቷን የእህል ነጋዴ ሚዛን ሳሽግ አይታኛለች። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ መ/ቤቴን ለግል ጉዳይ ተጠቅሜ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኋት፣ ምናልባት ከሚገባው በላይ ጮኼ።

እሷ አልጮኸችም። ዋስ የሚጠራው ለሚታወቅ ሰው ነው አለች፤ ነገ ቢጠፋ ቤቱ ይታወቃል፣ ዘመዱ ይታወቃል። «ይህን መንገድ ማን ያውቀዋል? ለመንገዱ ማን ዋስ ይሁነው?»

ጎማዬን ታቅፌ ተመለስሁ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ፣ የምሳ ሰዓት

ሁለት ቀን ሙሉ ከእሷ ጋር እከራከራለሁ፤ እሷ የለችም። ስማኝ፣ አንተ ፍረድ።

ጎማ የሚሸጠው ለምንድን ነው? ለመንገድ። የቱ መንገድ? ዳንግላ የተሸጠ ጎማ የሚሄደው በእኛ መንገድ ነው፤ ድንጋዩም ብረቱም ያለበት። መንገድን የማይመለከት የጎማ ዋስትና፣ ዝናብን የማይመለከት የጃንጥላ ዋስትና ነው። ፋብሪካው ስህተት የሚሠራው ስንት ጊዜ ነው? መንገዱ ግን ሁልጊዜ ነው። ከማያጋጥመው ጠብቀው፣ ከሚያጋጥመው እጃቸውን ያወጣሉ። ይህ ዋስትና አይባልም።

የእሷም ወገን ክብደት አለው። ሚዛን የማረጋግጥ ሰው ነኝ፣ አንዱን ሳህን ብቻ አልጭንም። ጠጠር ላይ የሚበርር ሹፌር አለ። ንፋስ ለክቶ የማያውቅ አለ። የእነሱ ጎማ ሁሉ ቢተካ ሒሳቡ ዞሮ በእኔ ጎማ ዋጋ ላይ ይወድቃል። ጠንቃቃው ለግዴለሹ ይከፍላል። ይህን ማሰብ ያናድደኛል፣ እውነት ስለሆነ።

ሙሉ ማታ ማታ ትደውላለች። ትናንት አልደወለችም። ኔትወርክ የለም። ስልኩን ይዤ ግቢውን ዞርሁ፤ አጥሩ ጥግ ላይ አንዲት መስመር ትመጣለች፣ ትጠፋለች። በአእምሮዬ ዘንገና ደርሼ ቆሜያለሁ። ጉም። ትርፍ ጎማ የለኝም። ከኋላዬ ትጮኻለች። ዛሬ ጠዋት ስልኩ ሲገናኝልን፣ ማታ ተኝታ ነበር። በቃ ተኝታ ነበር።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

በሚኒባስ ጥሊሊ። አማቷን ወ/ሮ እንጉዳይን አነጋገርሁ። ሙሉ ከአሁኑ እኔ ቤት ትምጣ፣ ለሆስፒታሉ በእግር ነው አልሁ። ጥሩ ሴት ናቸው፣ ግን ኩሩ። «የሙሉ አባት፣ እሺ ትምጣ። ማን ያርሳታል? እርስዎ ነዎት ገንፎ የሚያገነፉላት?»

ሰው እቀጥራለሁ አልሁ። ፊታቸው ጠቆረ። የልጃቸውን ሚስት የተቀጠረች ሴት ታርሳት? ነገሬን ማበላሸቴ ገባኝ፣ ግን ወደኋላ ማለት አልችልበትም። እንግዲያው መኪናዬ አለች፣ ሲደወልልኝ ከተፍ እላለሁ አልሁ። ባለፈው ሐሙስ እንደቆመችው ብትቆምስ አሉኝ። ሙሉ ነግራቸዋለች።

ጎማው ዋስትና አለው አልሁ።

ከአፌ እንደወጣ ሰማሁት። ወ/ሮ እንጉዳይ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ፣ ሙሉ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አባባ፣ ምጥ ላይ ሆኜ ካርዱን ታሳየኛለህ?» ሳቋ የእናቷ ነው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋን አቆመች፣ እጄን ያዘችኝ፣ እጇ ቀዝቃዛ ነው። እሷም ትፈራለች። እስከ ዛሬ እኔን ለማረጋጋት ነበር የምትስቅ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ፣ ዳንግላ

ትናንት ወ/ሮ ማስተዋል ደወለች። ካርዱን ለአንድ ጠበቃ ዘመዷ አሳይታዋለች። እሱም የመንገድ አደጋ የሚለውን አንብቦ የማን መኪና ተጋጨ ብሎ ጠይቋታል። ስለዚህ ጎማ ትሰጠኛለች። በአንድ ውል፦ አዲስ ካርድ ልታሳትም ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን እርስዎ ይጻፉልኝ አለች።

ወንበር ሰጠችኝ፣ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። መጀመሪያ የጻፍሁት ሁሉንም ነገር የሚሸፍን ነው። አነበበችና፣ «በዚህ ከሆነ ሱቁን ይውሰዱት፣ እኔ እዚያ በረንዳ ላይ ቆሎ እሸጣለሁ» አለች። ሰረዝሁ። ሁለተኛው ጠባብ ሆነ፣ ራሴ ተቆጣሁ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ መንገድ ላይ ባለ ስለት፣ ድንጋይ ወይም ብረት ጎማው ቢቀደድ፣ በመጀመሪያው ስድስት ወር አንድ ጊዜ ይተካል፤ በመጋጨት ወይም ንፋሱ ጎድሎ በመነዳቱ የደረሰ ጉዳት አይመለከተውም። ልከኛ ነው። የትም ቦታ ሄጄ እሟገትለታለሁ። መሸፈን አለበት ብዬ ነበር፣ አሁንም እላለሁ፤ ግን ልክ ባለው መንገድ።

አሸነፍሁ እንግዲህ። አዲሱን ጎማ ራሷ እያንከባለለች አወጣችልኝ። በሩ ላይ ይህን ያህል ለምን ተንገበገቡ አለችኝ። ስለ ሙሉ ነገርኋት። ለምን እንደነገርኋት አላውቅም። ጎማው ላይ እጇን አሳርፋ ቆየች።

«ጋሼ፣ ጎማ እሰጥዎታለሁ። የቆሙበትን ሰዓት ግን ከየት አመጣልዎታለሁ?»

ሐምሌ 13፣ እሑድ፣ ማታ

ጠዋት ጎማው ታሰረ። አራት ደህና ጎማ፣ ከኋላ ትርፍ። ንፋሱ ልክ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ ስልክ። ወ/ሮ እንጉዳይ ናቸው። ወገቧን ያዝ ያደርጋታል፣ ምጥ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፣ ይጠብቁ አሉ፣ ተቋረጠ። መልሼ ደወልሁ። አይሠራም። ቁልፉን አንሥቼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። አስነሣሁ። የግቢውን በር ከፈትሁ። ውጭው በጉም ነጭ ነው፣ የራሴ መብራት ተመልሶ እኔን ያየኛል። ከመንገዱ ወገን አንድም ድምፅ የለም።

አልወጣሁም።

ይህን ላንተ ብቻ ነው የምጽፈው። መሪውን ጨብጬ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አልወጣሁም። ጎማዬ ደህና ነው። እግሬ ነው እምቢ ያለው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ስልኩ ጮኸ። ሙሉ ናት። አልፏል አለች። እንዳትመጣ ልልህ ነው፣ መሽቷል፣ ሰው ይፈራል አለች። እሺ ልጄ አልሁ። ልነሣ ስል ደወልሽ አልኋት።

ስለ ጎማ ነበር የምከራከረው።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ጉሙ ሲገፈፍ በጠራራ ፀሐይ ሄድሁ። ወ/ሮ እንጉዳይን ለብቻ አስጠርቼ ያሰብሁትን ነገርኋቸው። ሙሉ እኔ ቤት ትምጣ፣ እርስዎም አብረው ይምጡ። መኝታ ክፍሌን ልቀቅላችሁ፣ እኔ ሳሎን። ቤቱን እንደ ቤትዎ ያዙት። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፤ የልጅ አማት ቤት ሄዶ ማረስ ማን ሰምቶ ያውቃል። ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። በሚዛን ሥራዬ ዋስ ሆኜ አላውቅም፣ ዋስም ጠርቼ አላውቅም አልኋቸው። ዛሬ እርስዎን እጠራለሁ አልሁ። እሑድ ማታ ከበር አለመውጣቴንም ነገርኋቸው። ለሙሉ እንዳይነግሩብኝ ለመንሁ።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «ላሟስ?» አሉ።

ላሟ ለጎረቤት ተሰጠች። አንድ ጆንያ የገንፎ ዱቄት ተጭኖ፣ ወ/ሮ እንጉዳይ ከፊት፣ ሙሉ ከኋላ ተኝታ፣ መጣን። ደርሰን ስንወርድ መጀመሪያ ጎማዎቹን አየሁ። ደህና ናቸው።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ፣ ምሽት

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ከቤቴ በር እስከ ሆስፒታሉ በር ፌስታል ይዤ ሄድሁ። አዲስ የሚሠራው ሕንፃ ፊት ለፊት መንገዱ በሚስማርና በፌሮ ቁራጭ ተሞልቷል። አንድ በአንድ ለቀምሁ። የሕንፃውን ዘበኛ ተቆጣሁት፣ ነገም መጥቼ አያለሁ አልሁት። ከአስፋልቱ ዳር የተፈነቀለ ድንጋይ ወደ ቦይ ገፋሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ ያየኛል። «ጋሼ፣ ሚዛኑን ትተው ቆራሌው ሆኑ እንዴ?» አለኝ። ጎማህን ነው የማተርፍልህ፣ ሂድ አልሁት። እየሳቀ ሄደ።

ስመለስ ሙሉ በር ላይ ቆማ ነበር። የወ/ሮ ማስተዋልን ጥያቄ ነግሬያት ነበርና፣ ፌስታሉን አይታ ወደ ውስጥ፣ ወደ አማቷ ተጣራች፦ «እማዬ፣ ለመንገዱ ዋስ ተገኘለት!»

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የጥሊሊን መንገድ፣ የዳንግላን መንገድ፣ ማንም አያውቀውም፤ ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ይህችን ቁራጭ መንገድ ግን ከቤቴ በር እስከ ሆስፒታሉ በር አውቃታለሁ። ነገም ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ። ከነገ ወዲያም። እስክትወልድ ድረስ ሳልለቅም የምቀርበት ቀን የለም።

ወ/ሮ እንጉዳይ ከውስጥ ስሜን ጠሩ። የሙሉ አባት ነበር የሚሉኝ፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ደግመው ጠሩ፤ ምጧ ጀምሯል። የመኪናዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፣ በሩ ተከፍቷል፤ እወጣለሁ።