እማሆይን የሚያገላብጥ
ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018፤ አርብ ገበያ

በሬዲዮ የሚያከራክረው የአረጋውያን መጦሪያ ነገር ዛሬ በጤና ጣቢያችን ስብሰባም ተነሳ። ኃላፊያችን «የእኛ ሕዝብ ሽማግሌ አይጥልም፤ መጦሪያ ምን ይሠራልናል?» ሲሉ ተጨበጨበ። እጄን አወጣሁ።

«እማሆይ ወለተ ሥላሴ አልጋ ከያዙ ሰነበቱ። ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ነበር። የሚካኤል ዝክር ስለሆነ ጎረቤት ያመጣላቸው ዳቦ ራስጌያቸው ተከምሯል። የሚያገላብጣቸው ግን የለም፤ ጀርባቸው ቆስሏል» አልኩ።

«አንቺ የጤና ጣቢያ ነርስ ነሽ። ማን ፈቅዶልሽ ነው ቤት ለቤት የምትዞሪው?» አሉኝ ኃላፊያችን።

ማንም አልፈቀደልኝም። ነገም እሄዳለሁ። ከፈለጉ በር ላይ ቆመው ይከልክሉኝ። ከመጡ አይቀር ደግሞ በአንድ በኩል ይያዙልኝ፤ እማሆይን ለማገላበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።